መጀመሪያ ያንቺ ፊት ይፈታ

ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር አዲስ ፎቶ ስቱዲዮ የከፈትሽው እህታችን፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «ደንበኞቼ ካሜራ ፊት ሲቆሙ ይደርቁብኛል። ፈገግ በሉ ስላቸው ይባስ ፊታቸው ይቋጠራል። ቅዳሜ እናትና ልጅ አነሳለሁ፤ ምን ላድርግ?» ነው ያልሽው። አቦ፣ የራሴን ነገር ያነበብኩ ነው የመሰለኝ። ድሬ ላይ ዘጠኝ ዓመት ፎቶ አንስቻለሁ። ይሄው ጉዳይ ብዙ አስከፍሎኛል። ስለ ካሜራው አላወራም፤ እሱን ታውቂዋለሽ።

1. «ፈገግ በሉ» ማለቱን ዛሬውኑ ተዪው። ዱሼን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በፈረንጆቹ 1862 ስለዚህ ጽፏል። ከንፈርን የሚስበው ጡንቻ ይታዘዛል፣ በዓይን ዙሪያ ያለው ግን ከልብ ደስታ ሲኖር ነው የሚነሳው ይላል። ደንበኛሽ ሲታዘዝሽ አፉ ብቻ የሚስቀው ለዚህ ነው።

2. ፀሐይ ፊት አታቁሚው። ዓይኑን እያጨናበሰ ማን ይስቃል? ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ከዚራ ሰፈር ካሉት ዛፎች ጥላ ሥር ይሁን። ሐረር ጀጎል ከሄድሽ ደግሞ አረንጓዴ ከተቀባ ግንብ ራቅ አድርጊው። ቀለሙ ፊቱ ላይ ያርፋል።

3. የራስሽን ፊት ጠብቂ። ከሁሉም በላይ ይሄን ያዢልኝ።

ከአራት ዓመት በፊት አንዲት ሙሽራ ለሠርጓ በ18 ሺህ ብር ተስማማችኝ። ግማሹን ቀብድ ተቀበልኩ። ከሠርጉ በፊት አንድ የድሮ ግቢ ውስጥ ላነሳት ወሰድኳት። ጥበቃው «ደብዳቤ አምጡ» አለን። ቢሮው ሄድኩ። ሠራተኛው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «ኃላፊው የለም» አለኝ። ኃላፊው ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ መጣ። ለካ ደብዳቤ ጭራሽ አያስፈልግም! እስከዚያ ልጅቷ በዚያ ሙቀት ቆማለች። ሜካፗ በላብ ወርዷል። ወንበር ያቀረበላት አንድ ሰው የለም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እኔም ተናድጄ ማንሳት ጀመርኩ። ፀሐዩ ከርሯል፣ ጥላው አልሆነልኝም። ባነሳሁ ቁጥር ስክሪኑን አያለሁ፣ ምላሴን ጠቅ አደርጋለሁ፣ ግንባሬን ቋጥሬ ራሴን እነቀንቃለሁ። እኔ የማስበው ስለ ብርሃኑ ነው። እሷ ግን ስለ እሷ መሰላት። አሥረኛው ፎቶ ላይ ስንደርስ ከንፈሯን ገጥማ ቀረች። እኔ ደግሞ ብሼ «ሳቂ እንጂ፣ ሙሽራ አይደለሽም እንዴ?» አልኳት።

ማታ እህቷ ደወለች። «ጥርሴን እያየ ፊቱን ያጠቁራል ብላ ስታለቅስ ዋለች። ሠርጉን ሌላ ሰው ያነሳዋል» አለችኝ። ቀብዱን መለስኩ። ብሩስ ይሁን። ልጅቷን በሠርጓ ሰሞን በጥርሷ እንድታፍር አደረግኳት። ጥርሷ ደግሞ ምንም አልነበረውም፤ ያማረ ጥርስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ከመምጣቱ በፊት ብርሃኑን በራሴ መዳፍ ላይ አያለሁ። ስክሪኑን የማየው ሰውየው ውሃ ሲጠጣ ነው። ጥሩ ከወጣች «ይቺን እዩልኝ» ብዬ አሳያለሁ። መጥፎዋን ለማንም አላሳይም።

4. እጃቸው ሥራ ይፈልጋል። ሐረር፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ አባት ነበሩ። ልጃቸው ነው አንሳልኝ ብሎ የጠራኝ። ሳቆማቸው ግንድ ሆኑ። «እስቲ ሥራዎን ይሥሩ» አልኳቸው። የስፌት መኪናቸው ፊት ተቀመጡ። እኔ ራቅ ብሎ ፊት ለማንሳት በሚመቸው በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ በር ላይ ሆኜ፣ ያለ መነጽር ክሩን እንዴት እንደሚያስገቡት ጠየቅኳቸው። በአንድ ጊዜ አስገቡትና ቀና ብለው ሳቁ። ዓይናቸው ጭምር! ያቺ ፎቶ ዛሬ ሱቃቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። ሐረር በወጣሁ ቁጥር ሄጄ አያታለሁ፤ ደስ ይለኛል።

የቅዳሜዋን እናት መጀመሪያ አስቀምጫቸው፣ ውሃ ስጫቸው። ኦሮሞ ከሆኑ «አካም ጂርቱ»፣ ሶማሌ ከሆኑ «ኢስካ ወረን» ብለሽ ሰላም በያቸው። ድሬ ልጅ ነሽ፣ ይሄ አይጠፋሽም። ካሜራውን ቶሎ አታንሺ፤ ስለ ልጃቸው አስወሪያቸው። ከዚያ ልጅቷ ጆሯቸው ሥር ጠጋ ብላ በልጅነቷ ያጠፋችውን አንድ ጥፋት ትንገራቸው። በመጨረሻ «አለቀ፣ አመሰግናለሁ» ስትያቸው ትከሻቸው ይወርዳል፣ እርስ በርስ ይተያያሉ። ያኔ ጣትሽ ቁልፉ ላይ ይሁን።