የአንባቢ ጥያቄ፦ ነጭ እብነ በረድ ላይ የወጣ የደበዘዘ ምልክት

ጥያቄ፦ በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ቤት ሠርተን ከገባን ገና ዓመት አልሞላንም። የኪችን ካቢኔቱ ላይ የተገጠመው ነጭ እብነ በረድ ሎሚ በተቆረጠበትና ስልስ በፈሰሰበት ቦታ ሁሉ ደብዝዟል። በኮምጣጤ ብናሸው ጭራሽ ባሰበት። ባለቤቴ አሁን የሳሎኑንም ወለል በዚሁ ድንጋይ ሊያስነጥፍ አስቧል፤ ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ኮምጣጤውን ያቁሙ። እብነ በረድ የኖራ ድንጋይ በከርሰ ምድር ሙቀትና ግፊት ተለውጦ የሚገኝ፣ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት የሆነ ድንጋይ ስለሆነ፣ አሲድ ሲነካው ላዩ ይሟሟል። ሎሚው የጀመረውን ኮምጣጤው አስፋፋው ማለት ነው። የተበላውን ገጽ የሚመልስ ማጽጃ የለም፤ ቀላሉ በእብነ በረድ መወልወያ ዱቄት ሊስተካከል ይችላል፣ ጠለቅ ያለው ግን በባለሙያ ማሽን እንደገና መወልወል አለበት።

እድፍ ከዚህ ይለያል። ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብለው ሲመለከቱት አንጸባራቂነቱ ጠፍቶ ቀለሙ ካልተለወጠ አሲድ በልቶታል፤ ቢጫ ወይም ጠቆር ያለ ከሆነ ግን እርድ ወይም ዘይት ሠርጎ ገብቷል። ለዘይት እድፍ ቤኪንግ ሶዳ በውኃ እንደ ገንፎ አወፍረው ይለጥፉበት፣ በፕላስቲክ ሸፍነው ለ24 ሰዓት ያቆዩት፣ ከዚያም ሳይፍቁ ያንሡት፤ አንድ ጊዜ ካልበቃ ይድገሙት። ሻጮች «ሲለር (የድንጋይ መከላከያ ቅብ) ከተቀባ ምንም አይነካውም» የሚሉት ግማሽ እውነት ነው፤ ሲለር እድፍ ቶሎ እንዳይሠርግ ያግዛል እንጂ አሲድን አይከላከልም። በእኛ አስተያየት ሽንኩርትና ሎሚ በየቀኑ ለሚከተፍበት ቦታ ግራናይት ይሻላል።

ለሳሎን ግን የባለቤትዎ ሐሳብ መጥፎ አይደለም። የሚያሳስበው አቧራው ነው። ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የማዕድን ጥንካሬ መለኪያ እብነ በረድ 3 አካባቢ ሲሆን፣ አስፋልት ካልደረሰው መንገድ በጫማ የሚገባው አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ 7 ስለሆነ ወለሉን ይጭረዋል፤ ስለዚህ በር ላይ ከውጭም ከውስጥም ምንጣፍ ያኑሩ፣ ወለሉንም በደረቁ ሳይጠርጉ በእርጥብ ጨርቅ አይወልውሉ። ጭረት በሚያንጸባርቅ ገጽ ላይ ጎልቶ ስለሚታይ፣ ያልተወለወለ፣ ደብዘዝ ያለ ገጽ ያለውን ቢመርጡ ይመከራል። ለቡና የሚጎዘጎዘው ቄጤማ እርጥብ ሆኖ ሲያድር አረንጓዴ እድፍ ስለሚተው፣ እንግዳ እንደሄደ ቢነሣ ጥሩ ነው፤ የከሰል ምድጃውም ማስቀመጫ ይኑረው።

ሲገዙ በናሙና አይወስኑ። ከቤኒሻንጉል ጉሙዝም ይምጣ ከውጭ አገር፣ በድንጋዩ ላይ ያለው የቀለም መስመር ከአንዱ ሰሌዳ ወደ ሌላው ስለሚለያይ የሚገጠመውን ሰሌዳ ራሱን ይዩ፤ በውኃም ያርጥቡት፣ ስንጥቅ ካለው ውኃው ሲደርቅ መስመሩ ይለያል። ቁራጭም ለምነው ወደ ቤት ይውሰዱና ሎሚና ዘይት ጠብ አድርገውበት ያሳድሩት።