የልደት ማዕድ ከየት ይጀምራል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ትዳር ከያዝኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የምንኖረው ከአማቴ ጋር ነው። ልደት በመጣ ቁጥር ታኅሣሥ 28 ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ስከትፍ፣ ዶሮ ስበልት፣ ዳቦ ስጋግር እውልና ሌሊቱን ወጥ ላይ አድራለሁ። አማቴ «ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ ማዕዱ ቀርቦ መጠበቅ አለበት» ይላሉ። በእነዚህ ዘጠኝ ዓመታት የልደትን ቅዳሴ ያስቀደስኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ባለቤቴ ሹፌር ስለሆነ በዓሉን መንገድ ላይ ነው የሚውለው። በግና ዶሮ አንድ ላይ ለመግዛትም አቅሙ የለንም፤ አማቴ ግን «ተበድረንም ቢሆን» ይላሉ። ልጆቼ የገና ዛፍ ካልገዛሽልን እያሉ ያስቸግሩኛል። በዓሉ ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውልስ ሥጋ ይበላል? ባለቤቴ ከሌለ ዳቦውን ማን ይቁረስ? ግራ ገብቶኛል፣ ይምከሩኝ።

መልስ፦ እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። የልደትን ዶሮ ሳትቀምስ ነበር የምትሠራው። ጾሙ ገና አልተፈታማ! ከድስቱ ጎንበስ ብላ እንፋሎቱን በእጇ ወደ አፍንጫዋ እየሳበች «ጨው ይጎድለዋል» ትላለች፤ አትሳሳትም ነበር። እርግጠኛ ካልሆነች ሰባት ዓመት ያልሞላውን ታናሽ ወንድሜን ጠርታ ጣቷ ላይ ጠብ አድርጋ ታስቀምሰዋለች። አርባ አራት ቀን ጾማ፣ በመጨረሻው ቀን የቅቤና የበርበሬ ሽታ ውስጥ ቆማ፣ አፏን ዘግታ ለሌላው ታበስል የነበረችውን እናቴን ሳስብ፣ የእናንተን ድካም «የወጥ ቤት ሥራ» ብሎ የሚያቃልለውን ሰው አልወደውም።

አንዳንዱ ሰው የማርታንና የማርያምን ታሪክ ወዲያው ይጠቅስብሽ ይሆናል። እኔ አልጠቅስብሽም። ምድጃ ላይ ያለችን ሴት በማርታ መውቀስ ይቀላል፤ ያ ወቃሽ ግን ከቅዳሴ ሲመለስ ትኩስ ወጥ ይጠብቃል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሥራው የአንቺ ብቻ አይደለም። ሽንኩርት መላጥ፣ እንጨት መፍለጥ፣ ውኃ መቅዳት፣ ዳቦ ሲጋገር እሳቱን መጠበቅ የቤቱ ሰው ሁሉ ሥራ ነው። ወንዶች ልጆችሽንም ከአሁኑ አስለምጃቸው።

ይሁን እንጂ ዘጠኝ ዓመት ኖረሽ ሁለት ጊዜ ብቻ ማስቀደስሽ ልቤን ነክቶታል። በዚህ ላይ ዝም ልልሽ አልችልም።

ጌታ የተወለደባት ከተማ ስም ቤተ ልሔም ነው፤ ትርጓሜውም ቤተ ኅብስት፣ የእንጀራ ቤት ማለት ነው። የተኛበት ግርግምም ለከብት መኖ የሚቀርብበት ነው። እንግዲህ አስተውዪ፣ «ከሰማይ የወረደ ሕያው እንጀራ እኔ ነኝ» ያለው ጌታ በእንጀራ ቤት ተወለደ፣ ምግብ በሚቀርብበት ላይ ተኛ። ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን አልረሳችም። በየአጥቢያው ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስት የሚዘጋጅባት ትንሽ ቤት በቅጽሩ ውስጥ አለች፤ ስሟም ቤተ ልሔም ነው። ዲያቆናቱ ኅብስቱን እዚያ ያዘጋጃሉ። ሲደርስ ግን እዚያው አይቀርም። በቃጭል ታጅቦ ወደ መቅደስ ይገባል። የተጋገረው ለዚያ ነውና።

የአንቺም ምድጃ እንደዚያች ቤት እንዲሆን እመኛለሁ። ሥራው ቅዳሴው ሳይገባ ይለቅ፤ ሠራተኛዋም ከሥራዋ ተነሥታ ወደ መቅደሱ ትሂድ። የልደት ማዕድ የሚጀምረው ከቁርባኑ ነው። ቤት ገብተን የምንቆርሰው ዳቦ የዚያ ደስታ ተከታይ ነው። የመጀመሪያውን ማዕድ ትታ ሁለተኛውን ስታሰናዳ የምታድር ሴት በዓሉን ለሌሎች አክብራ ለራሷ ሳታከብር ትቀራለች። ይህን ደግሞ አማትሽም የሚፈልጉት አይመስለኝም።

አሠራሩን ከእናቴ እንዳየሁት ልንገርሽ። ሽንኩርቱን ታኅሣሥ 27 ከትፈሽ ቁሌቱን በዚያው ምሽት አብስዪው። ዶሮውን 28 ጠዋት ብልቱን አውጥተሽ በሎሚና በጨው አጥበሽ ከሰዓት በፊት ጣጂው፤ ወጡ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይደርሳል። ዶሮ ወጥ ደግሞ አድሮ ሲሞቅ ይበልጥ እንደሚጥም አንቺም ታውቂዋለሽ። ድፎ ዳቦውም በኮባ ተጠቅልሎ በዚያው ቀን ይጋገር። ከዚያ ተጣጥበሽ ትንሽ አረፍ በዪ። ቅዳሴው የሚቀደሰው በሌሊት ነው፤ ማኅሌቱ ደግሞ ከእርሱ ቀድሞ ይቆማል። ለመቁረብ ከተዘጋጀሽ ከ18 ሰዓት ያላነሰ መጾም እንዳለብሽ አትርሺ፤ ንስሓ አባትሽንም አስቀድመሽ አማክሪ። ልጆቹንም ጋቢ አልብሰሽ ይዘሻቸው ሂጂ። እንቅልፍ ቢጥላቸው እንኳ «ዮም ተወልደ» እየተባለ ሲዘመር ጆሯቸው ይሰማል። ላሊበላ በቤተ ማርያም ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው ቤዛ ኵሉ የተባለውን ዝማሬ ሲያቀርቡ በእናቶቻቸው ጀርባ ላይ ተኝተው የሚሰሙ ሕፃናት ስንት ናቸው!

ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ እሳት ማቀጣጠልና ማሞቅ ብቻ ይቀራል። ግማሽ ሰዓት ቢዘገይስ? አርባ አራት ቀን የታገሠ ሆድ ግማሽ ሰዓት አያቅተውም። እንዲያውም ያን ያህል ጊዜ ቅባት ያልነካ ሆድ ቀስ ብሎ ቢጀምር ይሻለዋል።

አማትሽን ግን በእኔ መልስ አትሟገቻቸው፤ «መምህሩ እንዲህ ብለዋል» ብለሽ ፊታቸው ላይ አትዘርጊው። እርሳቸውም ልክ ናቸው፤ ሌሊቱን ቆመው ያደሩ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ቤት ሲገቡ የሚቀምሱት ሊኖር ይገባል። ቀደም ብለሽ፣ ከበዓሉ ሁለትና ሦስት ሳምንት አስቀድሞ፣ «እማዬ፣ ዘንድሮ አብረን ማስቀደስ አማረኝ፤ ሥራውን በጊዜ እንጨርሰው» ብትያቸው እንቢ የሚሉሽ አይመስለኝም። ምናልባት እርሳቸውም በወጣትነታቸው እንዳንቺ ቅዳሴው እያለፋቸው ያደሩ ይሆናሉ።

ወደ ብድሩ ልምጣ። አትበደሩ። ይህን ያለ ማመንታት ነው የምልሽ። በዓል ሳይታረድ አይከበርም የሚል ቀኖና የለንም። ዶሮዋ አሥራ ሁለት ብልት መውጣቷ፣ ዕንቁላሉም አሥራ ሁለት መሆኑ ደስ የሚል የአባቶች ሥርዓት ነው፤ ብዙዎች ከአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ጋር ያያይዙታል፤ እኔም ደስ እያለኝ እሰማዋለሁ። ነገር ግን ዕንቁላሉ ስድስት ቢሆን በዓሉ አይጎድልም። በግ ካልተቻለ ዶሮዋ ትበቃለች፤ ዶሮም ካልተቻለ ቅርጫ ላይ ከጎረቤት ጋር አንድ መደብ ለሁለት መካፈል አለ። እርሱም ካልሆነ ዳቦና ቡና፣ ቄጤማ የተጎዘጎዘበት ቤት፣ የተሰበሰበ ቤተሰብ አለ። አባቶች «እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም» ይሉ ነበር። የተወለደው ጌታ ማረፊያ ያጣ ነበር፤ የልደቱን ብሥራት መጀመሪያ የሰሙትም ሜዳ ያደሩ እረኞች ናቸው። በዚያ ሌሊት አንድም ሰው ድግስ አልደገሰም። ልደትን ለማክበር ገብቶ እስከ ጥምቀት ሳይሆን እስከ ፋሲካ የሚከፍለውን ዕዳ ይዞ የሚወጣ ቤተሰብ አይቻለሁ፤ በመካከሉ ባልና ሚስት ተኳርፈዋል።

ያላችሁ ትንሽም ቢሆን ግን አንድ ነገር እለምንሻለሁ። በነህምያ ዘመን ሕዝቡ የሕጉን ቃል ሰምቶ ሲያለቅስ እንዲህ ተባለ፦ «ሂዱ፥ የሰባውንም ብሉ፥ ጣፋጩንም ጠጡ፥ ለእነዚያም ላልተዘጋጀላቸው እድል ፈንታቸውን ስደዱ።» እግዚአብሔር መብላቱን አልከለከለም፣ ብሉ አለ፤ በዚያው ቃል ግን ያልተዘጋጀላቸውን አነሣ። ስለዚህ ድስቱ ሲከፈት የመጀመሪያውን ጭልፋ ለእነርሱ አውጪ። የምልሽ የመጀመሪያውን ነው፤ ሰው ሁሉ በልቶ የተረፈው ለእነርሱ አይሁን። በሰፈራችሁ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት፣ ከገጠር መጥቶ ዘመድ የሌለው የቀን ሠራተኛ፣ በር ላይ የሚያድር ዘበኛ አይጠፋም። ልጅሽ ይዞ ይሂድ፤ እጁ ይልመድ። ሙስሊም ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ የእኛን ሥጋ ስለማይበሉ ዳቦና ቡና፣ ቢቻልም የምስር ወይም የሽሮ ወጥ ለብቻው ተሠርቶ ይቅረብላቸው፤ ብዙ ቤት እንዲህ ያደርጋል፣ መልካም ነው።

ስለ ረቡዕና ዓርብ የጠየቅሽው አጭር ነው። ልደትና ጥምቀት በረቡዕ ወይም በዓርብ ቢውሉ ይበላባቸዋል። በ2018 ዓ.ም. ልደት ረቡዕ ውሎ ነበር፤ ተበልቷል። ጾሙ በዋዜማው፣ በገሃድ ይጾማልና። ከዚያ ቀን በኋላ ያሉት ረቡዕና ዓርብ ግን እንደተለመደው ይጾማሉ፤ የተረፈ ወጥ አለ ተብሎ አይሻሩም። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርልሽ፤ ለወጥ ሥራሽ ይጠቅምሻል። በየአራት ዓመቱ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ልደት የሚከበረው ታኅሣሥ 28 ነው። ከእርሱ በፊት ያለው የሉቃስ ዓመት ጳጉሜን 6 ስለምትሆን፣ ከመጋቢት 29 ጽንሰቱ ጀምሮ ያለው ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን አንድ ቀን ቀድሞ ይሞላል። በ2020 ዓ.ም. እንዲሁ ይሆናል፤ የዚያን ዓመት ዶሮ 27 ላይ እንድትሠሪ ከአሁኑ ያዢው።

የገና ዛፍ የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት አይደለም፤ ለልጆችሽ ይህን በግልጽ ንገሪያቸው። ጎረቤት ያቆመውን አይተው ቢጓጉ ግን አትቆጪያቸው፤ ልጅ ብርሃንና ቀለም ይወዳል። የሚያዩት ነገር ስጪያቸው እንጂ ባዶ «አይሆንም» አትበያቸው። የልደቱን ሥዕል በቤት ውስጥ ንጹሕ ቦታ ላይ ስቀዪና ከፊቱ ጧፍ አብሩ። ሕፃኑን በእስትንፋሳቸው ያሟሟቁትን ላምና አህያ አሳዪያቸው፤ ነቢዩ ኢሳይያስ «በሬ የገዢውን፣ አህያም የጌታውን ጋጣ አወቀ» ያለውን ንገሪያቸው። ልጆች ይህን ታሪክ ሲሰሙ ዓይናቸው እንዴት እንደሚበራ እኔ በሰንበት ትምህርት ቤት ዓመት ዓመት አየዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሜዳ ካለ ሩርና የገና ዱላ ይዘው ይውጡ። እረኞቹ የጌታን መወለድ ሲሰሙ በደስታ በዱላቸው ተጫወቱ እያሉ አባቶች ያወርሱናል፤ ጨዋታው የእኛው ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላልና ልብሳቸው ቢቆሽሽ አንቺም አትቆጪ።

ጠላውና ጠጁ ቤትን የሚያስደስት እንጂ ሰውን ከቤቱ የሚያወጣ አይሁን። በዚህ ላይ ሌላ አልልም፤ ታውቂዋለሽ።

የቀረው የዳቦው ነገር ነው። ካህን ከመጣላችሁ ካህኑ ባርኮ ይቁረሰው። ካልመጣ የቤቱ ታላቅ ይቆርሳል፤ አሁን በቤታችሁ ታላቋ አማትሽ ናቸው። ሁላችሁም ቁሙ፤ ትልቁ ልጅሽ አቡነ ዘበሰማያትን ጮክ ብሎ ይጸልይ፤ አማትሽ በስመ አብ ብለው በቢላዋው ዳቦው ላይ መስቀል አድርገው ይቁረሱት። ለባለቤትሽም አንድ ቁራሽ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለሽ አስቀምጪለት፤ ከመንገድ ሲገባ ቢደርቅም ይብላው። በሰላም ያድርሳችሁ።