ተከራይ ዕድር መግባት ይችላል?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ተከራይቼ በቅርቡ ገብቻለሁ። የሰፈሩ ዕድር እንዴት ይመራል? ተከራይስ አባል ይሆናል?

መልስ፦ ዕድር የሚመራው የአባላቱ ጠቅላላ ጉባኤ ባጸደቀው መተዳደሪያ ደንብ ሲሆን፣ የዕለት ሥራውን የሚያከናውኑት ተመራጮቹ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ናቸው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ዕድርን ስለማይመለከት፣ ተከራይ መቀበል አለመቀበሉም በዚሁ ደንብ ይወሰናል። አዲስ ገቢ የመመዝገቢያ ክፍያ ይጠየቃል፤ ነባሮቹ ለዓመታት ባዋጡት ገንዘብ በተገዛው ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት እኩል ስለሚጠቀም፣ ክፍያው በእኔ እምነት ተገቢ ነው። ከዚያ ወርሃዊ መዋጮ ይከተላል፤ ከቀብር የቀረም ይቀጣል። በበርካታ ዕድሮች አዲስ አባል የተወሰኑ ወራት ሳይቆይ የለቅሶ ገንዘብ ስለማይሰጠው፣ ይህን አንቀጽ ከመመዝገብዎ በፊት ያንብቡ፤ መዋጮ በከፈሉ ቁጥርም ደብተርዎ ላይ ያስፈርሙ።