የቀረ ተማሪ «ተገኝቷል» ብለሽ ሙዪ ለተባልሽው እህቴ

አሜሪካ ውስጥ በግል ኮሌጅ ፋይናንሻል ኤይድ (የተማሪ ድጎማና ብድር) ቢሮ እንደምትሠሪ፣ ትምህርት ያቋረጡ ልጆችን «ተገኝተዋል» ብለሽ እንድትሞዪ አለቃሽ እንደሚጨቀጭቅሽ ጽፈሻል። «ብናገር ያባርሩኛል?» ብለሽም ጠይቀሻል። ልዋሽሽ አልፈልግም፤ ሊያባርሩሽ ይችላሉ። እኔን አባረውኛል።

ቨርጂኒያ ውስጥ እንዲህ ባለ ኮሌጅ ሠርቻለሁ። ሌሊት ፓርኪንግ የሚሠራ ያገራችን ልጅ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቀረ። ስምንተኛው ሳምንት ላይ አቴንዳንሱን ስከፍት ልጁ አንድ ቀን እንኳ አልቀረም! ነገሩ ብር ነው። ተማሪ የተርሙ 60 በመቶ ሳይሞላ ካቋረጠ፣ ካልተማረበት የፌዴራል ብር ኮሌጁ ድርሻውን መመለስ አለበት። 60ውን ካለፈ ግን የሚመለስ የለም። ልጁ ላልተማረው ትምህርት ባለዕዳ ሆኖ ቀረ።

እኔ ሞኙ ለአለቃዬ በቃል ብቻ ነገርኩት። በሁለት ሳምንት ውስጥ «ሥራህ ወርዷል» የሚል ወረቀት መጣ። በወሩ ዕቃዬን በካርቶን ይዤ ወጣሁ። ጠበቃዋ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «መናገርህን በምን ታሳያለህ?» ብላ ነው። ምን ልበላት? ያተረፈኝ የዚያን ቀን ማታ ለባልደረባዬ የላክሁት ቴክስት ነው፤ «ነገርኩት፣ ፊቱ ጠቆረ» ይላል። በመጨረሻ በስምምነት አለቀ።

ስለዚህ ቅሬታሽን በኢሜይል አድርጊው። ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳለሽ ቤትሽ ባለ ደብተር ላይ ጻፊ። የተማሪ ፋይል ግን ወደ ግል ኢሜይልሽ እንዳትልኪ፤ የተማሪ መረጃ በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ መልሰው አንቺን ይይዙበታል።

የሚጠብቅሽ ሕግ ፎልስ ክሌይምስ አክት ይባላል፤ በሐሰት የመንግሥትን ብር የሚወስድን የሚያስጠይቅ ሕግ ነው። በ1863 በሊንከን ጊዜ ለጦሩ የማይረባ ዕቃ እየሸጡ መንግሥትን ለሚያጭበረብሩ ነጋዴዎች የወጣ ነው። ማጭበርበሩን ለማስቆም በመሞከርሽ ካባረሩሽ ወደ ሥራሽ መመለስ፣ የቀረብሽን ደሞዝ እጥፍ ከነወለዱ፣ የጠበቃ ወጪም ልትጠይቂ ትችያለሽ። የበቀሉን ክስ ለማቅረብ ከተበቀሉሽ ቀን ጀምሮ 3 ዓመት አለሽ።

በመንግሥት ስም ማጭበርበሩን መክሰስ ሌላ ነገር ነው። ካሸነፍሽ ለመንግሥት ከሚመለሰው ብር ከ15 እስከ 30 በመቶ ድርሻ አለው፤ ሰዉም የሚያወራው ይህንኑ ነው። ጥበቃውን ግን ማንም አያነሳውም። በፊኒክስ ዩኒቨርሲቲ ላይ ሁለት የቀድሞ ሠራተኞች በ2003 የጀመሩት ክስ በ67.5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ያለቀው በ2009 ነው፤ ያውም ትምህርት ቤቱ ጥፋት አላመነም። እንዲህ ያለ ክስ ሲገባ ታሽጎ ይቆያል፤ ለእናትሽም አታወሪም። ሌላ ሰው ከቀደመሽ ደግሞ ያንቺ ይወድቃል። ስለዚህ ይህን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ቶሎ ፈልጊ፤ ብዙዎቹ ቅድሚያ ክፍያ አይጠይቁም።

አሁን ግን መጀመሪያ የኮሌጁን ስም የጻፍሽበትን ጥያቄ አጥፊው። አለቃሽ አማርኛ ባያነብ፣ የሚያነብለት አያጣም።