«አንድ ሰው የቀረው!»፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ በመሆናቸው ዓምዱን ለእነርሱ ሰጥተናል። ጉዳዩ በኢንተርኔት ጌሞች ውስጥ ገጸ ባሕርይ ለብሶ መጫወት፣ ማለትም ተጫዋቾቹ «ሮልፕሌይ» የሚሉት ነው፤ ሦስቱንም ጠያቂዎች ያስቸገራቸው ጌሙ ራሱ ሳይሆን አብሯቸው የሚጫወት ሰው ማጣት ነው።

ጥያቄ፦ የአራት ኪሎ ነዋሪ ነኝ። ጂቲኤ 5 የተባለውን ጌም፣ ፋይቭኤም በሚባለው ተጨማሪ ፕሮግራም አማካይነት፣ በሮልፕሌይ ሰርቨር (ተጫዋቾች በኢንተርኔት በሚገናኙበት ቦታ) ላይ መጫወት ከጀመርኩ አምስት ወር ሆኖኛል። ለገጸ ባሕርዬ ረጅም የሕይወት ታሪክ ጽፌለታለሁ፤ አባቱ በሰው እጅ የሞተበትና ገዳዩን ፍለጋ የጌሙ ምናባዊ ከተማ ወደ ሆነችው ሎስ ሳንቶስ የመጣ ሰው ነው። በየምሽቱ ሊጅን አደባባይ ላይ ቆሜ ለሚያልፈው ሁሉ ታሪኩን እናገራለሁ፤ ተቀላቀሉኝ ብዬም እጠይቃለሁ። አንዳንዱ «እሺ» ብሎኝ መኪናውን አስነሥቶ ይሄዳል፣ አንዳንዱም ጨርሶ አይቆምም። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ታክሲ ለመያዝ ሲወጡ በየቀኑ የሚሰሙትን ጥሪ እስቲ ለአንድ ቀን ልብ ብለው ያዳምጡት። ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው የቀረው!» ሲል ስለ ራሱ አንድም ነገር አይነግርዎትም። ይሁን እንጂ ወዴት እንደሚሄድ፣ ለእርስዎ የሚሆን ቦታ እንዳለና እርስዎ እንደገቡ መኪናው እንደሚነሣ ከዚያች አጭር ጥሪ ተረድተዋል። (ሦስት ሰው ጎድሎት ሳለ «አንድ ሰው» የሚል ረዳት እንዳለም አንዘነጋም፤ የእርሱን ነገር በኋላ እናነሣዋለን።) የእርስዎ ገጸ ባሕርይ ጥሪ ግን ተሳፋሪ የሚያስገባ አይደለም። ሟቹ የእርሱ አባት ነው፣ በቀሉም የእርሱ ነው፣ ፍለጋውም የእርሱ ነው፤ በመንገድ ለሚያልፈው ሰው «ነፍስ ይማር» ከማለት በቀር የሚሠራው ነገር አልተተወለትም። ከዚህም በላይ ምስጢሩን አደባባይ ላይ ስለሚያወጡት፣ ሊያውቅዎት የሚፈልግ ሰው ቢኖር እንኳ የሚፈልገው ነገር አይቀርለትም። ይህን የምንለው ለወቀሳ አይደለም፤ የዚህ ዓምድ አዘጋጅ ለመጀመሪያ ገጸ ባሕርዩ የጻፈውን የሦስት ገጽ ታሪክ እስከ ዛሬ ከራሱ በቀር ያነበበው ሰው የለም።

እንግዲህ የሕይወት ታሪኩን ለጊዜው ያቆዩትና ዛሬ ማታ ብቻዎን የማይወጡት አንድ ትንሽ ችግር ይዘው ይውጡ። ለምሳሌ ገጸ ባሕርይዎ ቤት እየቀየረ ነው እንበል፤ ከጭነት መኪና ላይ ቁም ሳጥን ማውረድ አለበት፣ ያነጋገረው ተሸካሚ ግን ቀርቶበታል። መኪናውን ሰው በሚበዛበት መንገድ ዳር ያቁሙና ድርጊትን ለመግለጽ በምታገለግለው «ሚ» በምትባለው ትእዛዝ «ቁም ሳጥኑን በአንድ ጫፍ ያነሣዋል፤ ሌላው ጫፍ አስፋልቱን እየፋቀ ይጎተታል» ብለው ይጻፉ፤ ለሚያልፈውም ሰው በማይክ «ወንድሜ፣ እስቲ አንዴ ያዝልኝ» ይበሉት። የተጠየቀው የአንድ ደቂቃ እርዳታ ስለ ሆነ እምቢ ለማለት ይከብደዋል፤ እሺ ካለ ደግሞ ሳይታወቀው ታሪኩ ውስጥ ገብቷል። ደረጃው መሐል ሲደርሱ መሳቢያው ይከፈትና አንድ የታሸገ ፖስታ ይውደቅ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከፖስታው ውስጥ የአባትዎን ገዳይ ፎቶግራፍ ለማውጣት እጅዎን ይበላዎታል፤ ይታገሡ። ሁኔታን ለመግለጽም ለመጠየቅም በምታገለግለው «ዱ» በምትባለው ትእዛዝ «ፖስታው ላይ የማን ስም ተጽፏል?» ብለው ይጠይቁትና መልሱን ለእርሱ ይተዉለት። የራሱን ስም ቢጽፍበትስ? ይጻፍበት። ነገ ማታ ገና ሲገባ የሚፈልገው እርስዎን ይሆናል፤ ስሙ የተጻፈበት ፖስታ በእርስዎ ቁም ሳጥን ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር ማወቅ አለበትና።

በቀድሞው ካዛንቺስ አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ይህን አሠራር ያውቀዋል። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ የሚሰጠውን ስንኝ አዝማሪው አይመርጥም፤ ቢጎረብጥም፣ ቀድሞ ካሰበው ጋር ባይገጥምም ይቀበለውና በማሲንቆው እየዳሰሰ መልክ ያስይዘዋል፤ ስንኙን የሰጠው ሰውም ከዚያ በኋላ ከመቀመጫው ንቅንቅ አይልም። የዚህ ተቃራኒ የሆነው ልማድ በሮልፕሌይ ውስጥ «ፓወር ጌሚንግ» ይባላል፤ ይኸውም «በቡጢ ይመታዋል፣ እርሱም ራሱን ስቶ ይወድቃል» ብሎ የሌላውን ሰው ድርሻ ጭምር መጻፍ ነው። ይህ ነገር በአብዛኞቹ ሰርቨሮች የሚያስቀጣ ቢሆንም፣ በእኛ አስተያየት ከቅጣቱ ይልቅ የሚጎዳው ሁለተኛ ጊዜ ማንም አጠገብዎ የማይቆም መሆኑ ነው። «ሊመታው እጁን ይሰነዝራል» ብለው ያቁሙ፤ መውደቁን ወይም ጎንበስ ብሎ ማምለጡን እርሱ ይወስን።

ከመንገደኛው ሌላ ጥሪ እየጠበቁ የሚቀመጡ ሰዎችም እንዳሉ አይርሱ። በሎስ ሳንቶስ የሐኪም፣ የፖሊስና የመካኒክ ገጸ ባሕርይ የያዙ ተጫዋቾች የምሽቱን ብዙ ክፍል የሚያሳልፉት ስልክ በመጠበቅ ነው፤ ስልኩ ሲደወል ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጠብቃቸው በጥይት የተመታ ሰው ነው። ስለዚህ ፒልቦክስ ሆስፒታል ደውለው፣ ቁም ሳጥን ተሸክሞ ከደረጃ የወደቀና «ደህና ነኝ፣ አትንኩኝ» እያለ የሚከራከር ሰው ቢያቀርቡላቸው እንደ ሲሳይ ነው የሚቆጥሩት። ሐኪሙ መጥቶ ቁርጭምጭሚትዎን ሲያገላብጥ፣ ተሸካሚው አጠገብዎ ቆሞ ሲያዝን፣ ሁለተኛው መንገደኛ «ምን ተፈጠረ?» ብሎ ይቆማል። ሰው ሰው ባለበት መቆሙ በሰርቨርም ላይ አልተለወጠም።

መሸነፍንም ይልመዱ። ዘራፊ መጥቶ መሣሪያ ሲደቅንብዎት፣ በጌሙ ውስጥ ያለው ሰውነትዎ ተመልሶ የሚነሣ መሆኑን እያሰቡ አይድፈሩት፤ ይፍሩ፣ እጅዎን ያንሡ፣ የኪስ ቦርሳዎ ውስጥ ያለው የእናትዎ ፎቶግራፍ ብቻ እንዲቀርልዎት ይለምኑት። ጥሩ ተዘራፊ በየትኛውም ሰርቨር ላይ ብርቅ ነው፤ ዘራፊውም ፎቶግራፉን ሊመልስ የሚመጣበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ሁልጊዜ ካላሸነፈ የሚያኮርፍ ተጫዋች ግን በልጅነታችን ዕቃቃ ስንጫወት ዘወትር እናት ካልሆንኩ ትል የነበረችውን ልጅ ይመስላል፤ መጨረሻዋን ሁላችንም እናስታውሳለን፣ ጣሳዎቿን ይዛ ለብቻዋ ነበር የምትቀረው።

ሁለት ሦስት ቋሚ ባልደረቦች ካገኙ በኋላ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። አራት ሰዎች ክብ ሠርተው ሲያወሩ ከውጭ የሚታየው ጀርባቸው ብቻ ነው። አንዱን ወገን ክፍት አድርጋችሁ ቁሙ፤ አዲስ ሰው ሲጠጋም ከእናንተ አንዱ ዞር ብሎ ያለፈውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገረው፦ «ይህ ሰውዬ የማያውቀው ፖስታ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ተገኝቶበት ልንከፍተው ነው፤ አንተ ምን ትላለህ?» ብሎ። እንግዳው ካለፉት ሦስት ሳምንታት አንዱንም ሳያውቅ ሐሳብ የሚሰጥበት ቦታ አገኘ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ከልደታ ነው የምጽፍላችሁ። በወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት፣ አርጀንት ዶውን በሚባለው የአውሮፓ የሮልፕሌይ ሰርቨር ላይ እጫወታለሁ። እንግሊዝኛ መጻፍ እችላለሁ፣ መናገር ላይ ግን አፌ ይያዛል፤ ቤታችንም ሰው የማይጠፋበት ስለ ሆነ ማይክ ይዤ ማውራት አልችልም። ስቶርምዊንድ ከተማ ውስጥ መጠጥ ቤት ገብቼ ብቀመጥም የሚያነጋግረኝ የለም። ድምፅ የሌለው ሰው ሌሎችን መሳብ ይችላል?

መልስ፦ እርስዎ ያሉበት ጌም በጽሑፍ ለሚጫወት ሰው የሚመች ስለ ሆነ ማይኩ አያሳስብዎት። የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ መነሻም ጽሑፍ ነው፤ በ1978 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው «መድ» የተባለው ጌም ሥዕልም ድምፅም አልነበረውም፣ ተጫዋቾቹ የሚገናኙት በሚጽፉት ቃል ብቻ ነበር።

እርስዎን የምንጠረጥረው በሌላ ነገር ነው። ቶታል አርፒ 3 የተባለውን ተጨማሪ ፕሮግራም ጭነው ከሆነ፣ ሌላው ተጫዋች ጠቋሚውን ገጸ ባሕርይዎ ላይ ሲያሳርፍ «አሁን» ምን እያደረጉ እንደ ሆነ የሚያነብበት ቦታ አለ፤ በመጀመሪያ እይታ የሚታዩ ነገሮችን ለማስቀመጥም አምስት ትናንሽ ምልክቶች ተሰጥተውዎታል። ብዙ ሰው እነዚህን ቦታዎች በዓይን ቀለም፣ በጠባሳና «ምስጢራዊ» በሚል ቃል ይሞላቸዋል። ምስጢራዊ የሆነች ሴት ጥግ ይዛ ብትቀመጥ ሰው ምን ብሎ ያነጋግራታል? በምትኩ «የቀኝ እጅ ጓንቷ ጠፍቶባት ጠረጴዛ ሥር እየፈለገች ነው» ብለው ይጻፉ። ያን ያነበበ ሰው የመጀመሪያ ቃሉ ተዘጋጅቶለታል፤ «ምን ጠፋብሽ?» ይላል፤ ወይም ጓንቱን ሲያገኝ ይደብቀዋል፣ እርሱም አይከፋም።

በሩጫ እየገቡ አይዝለሉ፤ ጌሙ በእርምጃ የመሄጃ ቁልፍ አለው፣ መጠጥ ቤት ውስጥ በእርምጃ የሚሄድ ሰው ለሮልፕሌይ የመጣ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። ሲጽፉም ሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፈው ያቁሙና ይጠብቁ። አንድ አንቀጽ እስኪጽፉ ድረስ አነጋጋሪዎ ባዶ ስክሪን ሲመለከት ይቆያል፤ ጨርሰው ሲልኩለትም ለየትኛው ሐሳብ እንደሚመልስ ግራ ይገባዋል። አፍ የሚይዝዎትን ነገር ደግሞ ለገጸ ባሕርይዋ ቢሰጧት አንቃወምም፤ ከሩቅ አገር የመጣችና የከተማውን ቋንቋ ገና የምትለምድ ሴት ቃል ሲጠፋት ሌላው ሰው ቃሉን ያቀብላታል፤ እያቀበለም አብሯት ያመሻል።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ከፒያሳ ነኝ። ባለፈው ወር ገጸ ባሕርዬን ልድረው ብዬ ተጫዋቾች በሚወያዩበት ዲስኮርድ በተባለው መተግበሪያ ላይ ለሃያ ሰው ጥሪ አደረግሁ። ማታ 2 ሰዓት ለማለት «2 ፒኤም በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት» ብዬ ጻፍሁ። በሰዓቱ ስገባ ማንም የለም፤ ለካ እንግዶቹ በቀን 8 ሰዓት መጥተው፣ ጠብቀው ጠብቀው ተበትነዋል። አሁን ሌላ ጥሪ ባደርግ የሚያምነኝ ያለ አይመስለኝም።

መልስ፦ ስድስት ሰዓቱ የት እንደ ጠፋ ራስዎ ደርሰውበታል፤ እኛ ከንጋት ስንቆጥር እነርሱ ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራሉ። ለወደፊቱ ማታ 2 ሰዓትን 20:00 ብለው ይጻፉት፤ ከዚያም የተሻለው፣ ዲስኮርድ ላይ ቀጠሮውን እንደ ዝግጅት ማስመዝገብ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጋባዥ በራሱ አገር ሰዓት ያሳየዋል። የእኛ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ሳይለወጥ፣ አውሮፓውያን ግን በማርችና በኦክቶበር መጨረሻ ሰዓታቸውን ስለሚያዛውሩ፣ በበጋቸው ወቅት ከበርሊን በአንድ ሰዓት፣ በክረምታቸው በሁለት ሰዓት እንቀድማቸዋለን። እነርሱ ከእራት በኋላ ተሰብስበው የሚገቡት እኛ ማታ 3 ወይም 4 ሰዓት ላይ ስንደርስ ስለ ሆነ፣ ሰው ለማግኘት የሚሻለው ይኸው ሰዓት ነው።

በኋላ እናነሣዋለን ያልነው የታክሲ ረዳትም እዚህ ላይ ይገባል። ሃያ ሰው ጠርተው ካላደረሱ፣ «አንድ ሰው» ብሎ አስገብቶ ሩብ ሰዓት ያስቀመጠን ረዳት ሆነው ተገኝተዋል፤ ቀጣዩን ጥሪዎን ለሦስትና ለአራት ሰው ብቻ ያድርጉት፣ እርስዎም ቀድመው ይገኙ።

እምነትን ስለ መመለስ ግን ሌላ ሰርግ መጥራት አያስፈልግዎትም፤ የተበላሸው ሰርግ ራሱ ከመልካሙ የበለጠ ታሪክ ነው። ገጸ ባሕርይዎ ከራሱ ሰርግ የቀረ ሙሽራ ነው፤ የሙሽራዋ ወገን ተቀይሞበታል፤ ሽማግሌ መላክ አለበት። የውጭ አገር ተጫዋቾች ሽማግሌ መላክ ምን እንደ ሆነ ላያውቁ ይችላሉና ሊያስረዷቸው ግድ ይላል፤ ያም ራሱ የአንድ ምሽት ጨዋታ ነው። ሁለቱን ሽማግሌዎች በዚያ ቀን በከንቱ ከጠበቁት እንግዶች መካከል ይምረጡ፣ ቅሬታቸውንም በልጅቱ አባት ፊት ያሰሙት። ሦስተኛው ግን ስለ ሰርጉ ጨርሶ ያልሰማ ሰው ቢሆን ይሻላል፤ የሆነውን ሁሉ እየተሻሙ የሚነግሩት ለእርሱ ነውና።