ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ተቆርጦ በወረቀት የተሰጠኝ ክኒን አባቴን መርዞት ይሆን?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ ከኮምቦልቻ ነው። አባቴ 68 ዓመቱ ነው፣ የስኳር ክኒን ይወስዳል። የምንገዛበት ፋርማሲ አልቋል ሲሉኝ ባዶውን ማሸጊያ አሳይቼ ሌላ ጋ ገዛሁለት። ቀለሙ ሌላ ነው፣ ካርቶን የለውም፣ ቆርጠው በወረቀት ጠቅልለው ነው የሰጡኝ። የድሮውም ትንሽ ስለተረፈ ሁለቱንም እየወሰደ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማታ ላብ አጠመቀው፣ ተንቀጠቀጠ፣ ይቀባዥር ጀመር። ጎረቤት ስኳሩ ወጥቶበት ነው ብለው አብሽ አጠጣነው። ጠዋት ሻይ በስኳር ጠጥቶ ተሻለው። የተበላሸ መድኃኒት ሸጠውልኝ ነው? እኔ ነኝ የመረዝኩት?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ አልመረዝሽውም። ከነገርሽኝ ስነሳ ክኒኑ ተበላሽቶ ሳይሆን በዝቶባቸው ይመስለኛል። ሁለቱም ግሊቤንክላሚድ የሚባለው ስኳር የሚያወርድ ክኒን ከሆነ (ዳኦኒል የሚባለውም እሱው ነው) አባትሽ ለሦስት ቀን እጥፍ ሲውጡ ከርመዋል፣ ስኳራቸውም ወርዷል። ፋብሪካው ሲለያይ ቀለሙ ይለያያል፣ ቀለም ስለተቀየረ ብቻ ፎርጅድ ነው አይባልም።

ግን አንድ ነገር ልቆጣሽ። ያ ሌሊት አባትሽን ሊያሳጣሽ ይችል ነበር! የስኳር በሽተኛ ስኳር አይነካም የሚባለው ነገር እኛ ጋ ደሴም ኮምቦልቻም ስር ሰዷል፣ ሰውየው ላቡ እየተንጠፈጠፈ እጁ እየተንቀጠቀጠ ቤተሰቡ ስኳር መስጠት ይፈራል፣ እንደውም ከላዩ አብሽ ይጨምርበታል፣ አብሽ ደግሞ ራሱ ስኳር ያወርዳል የሚባል ነገር ነው። ድንገት ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ልብ መምታት፣ ረሃብ፣ መቀባዠር፣ ያለ ነገር መቆጣት ከመጣ ስኳር ወርዷል ብለሽ ጀምሪ። መለኪያ ካለ ለኪ፣ ከ70 በታች ከሆነ ወርዷል። መለኪያ ከሌለ ፍለጋ አትሂጂ፣ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ አጠጪ፣ ወይ ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ። 15 ደቂቃ ጠብቂ፣ ካልተሻላቸው ድገሚ፣ ሲሻላቸው ምግብ ይብሉ። ወጥቶም ቢሆን ያቺ ስኳር ለአንድ ሌሊት ምንም አታደርጋቸውም፣ ወርዶ ከቆየባቸው ግን አእምሮ ነው የሚጎዳው። ራሳቸውን ከሳቱ አፋቸው ውስጥ ምንም አታድርጊ፣ ትን ይላቸዋል፣ በጎን አስተኝተሽ ወዲያው ሆስፒታል። ንጋት እስኪሆን የሚባል ነገር የለም። ደግሞ ግሊቤንክላሚድ በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ፣ በተለይ በዕድሜ የገፋና ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ፣ ተሻለው ካልሽ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። በሻይ ተሻለው ብሎ ቤት መቀመጥ እንግዲህ እዚህ ጋ ነው የሚያናድደኝ።

ፋርማሲውን በተመለከተ ቅሬታሽ ልክ ነው። ቆርጦ መሸጥ ብርቅ አይደለም፣ ግን የሚያበቃበት ቀን የተጻፈው ጫፉ ላይ ስለሆነ ሲቆረጥ እዛው ሊቀር ይችላል። ካርቶኑን አሳዩኝ በይ፣ አትፈሪ። የመድኃኒቱን ስም፣ ስንት ሚሊግራም እንደሆነና በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ ወረቀቱ ላይ ይጻፉልሽ፣ የድሮው ይቁም ወይስ ይቀጥል ብለሽም ጠይቂ። ያንቺ ችግር የሚያልቀው እዚህች አንድ ጥያቄ ላይ ነበር። የኮምቦልቻ ሙቀት ከደሴ ይበልጣል፣ ክኒኖቹ መስኮት ላይ ፀሐይ እየመታቸው ከተደረደሩ ሌላ ጋ ሂጂ። ፈቃዳቸው ግድግዳ ላይ መታየት አለበት። ከምር ከጠረጠርሽ የምግብና መድኃኒት ባለስልጣን ነጻ መስመር 8482 ነው።

ባዶ ማሸጊያ አሳይቶ መግዛቱንም ተይው። የስኳር መድኃኒት በሐኪም ማዘዣ ነው የሚሰጠው፣ ማዘዣ ቢኖርሽ ኖሮ ባለሙያው አይቶ «እቤት የተረፈ አለ?» ይልሽ ነበር (ሁሉም ይላል አልልም)።

ዛሬውኑ ውሰጂያቸው። እስከዛ ሁለቱን ደርበሽ እንዳትሰጪ፣ ስኳራቸው ሳይለካ አንዱንም አትስጪ። ሐኪሙ ጋ ስትገቡ ኩላሊታቸውን እንዲያይላቸው ጠይቂ፣ የሚጾሙ ከሆነም ረመዷንም ሆነ ሁዳዴ ቀድመሽ ንገሪው፣ ይሄን ክኒን ውጦ ሳይበሉ መዋል ሌላ ጣጣ ነው። የቀሩትን ክኒኖች እንዳትጥያቸው፣ በዛችው ወረቀት እንደተጠቀለሉ ከድሮው ማሸጊያ ጋር ይዘሽ ሂጂ።