ቀልድ ሲቀዘቅዝ፦ ለወጣት አስጎብኚዎች

ሰሞኑን ፒያሳ ቡና ስንጠጣ አንዲት ጀማሪ አስጎብኚ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ ቀልድ አውርቼ ማንም ካልሳቀ ምን ላድርግ? ሼም ነው የሚገለኝ» አለች። ጓደኞቿ ሙድ ያዙባት። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። የቆየ ነገር ቀሰቀሰችብኝ። «እጽፍልሻለሁ» ብያት ተነሣሁ።

ታሪክ አጥኑ፣ ሰዓት አክብሩ አልላችሁም። እሱን የማያውቅ አስጎብኚ መጀመሪያውኑ ይህን አያነብም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ሥራውን ያስተማሩኝ ሰው ነበሩ፤ የሥራ አባቴ ልበላቸው። እንደሳቸው ያለ ጨዋታ አዋቂ በጎንደር አላየሁም። የፋሲል ግቢ አጥር ዙሪያው 900 ሜትር ያህል ነው፤ 12 በሮች አሉት። እሳቸው ለእያንዳንዱ በር ቀልድ ነበራቸው። በስሙ ተዝካርን በሚያስታውሰው በተዝካሮ በር እንኳ ሰው እያሳቁ ያሳልፉ ነበር። ያኔ በግቢው ውስጥ አንበሶች ነበሩ። አንበሳው ባገሳ ቁጥር «ደሞዝ ይጨመርልኝ እያለ ነው፤ እኔም ደርቤ አመልክቻለሁ» ይሉ ነበር። አንበሳው ባያገሳም ይሏታል። ሁልጊዜ ትሠራለች።

አንድ ቀን ከሌላ ክፍለ ሀገር የመንግሥት ሠራተኞች በአውቶቡስ መጡ። ከባካፋ ግንብ ደረስን። ስለ ባካፋ የሚወራውን ታውቁታላችሁ። ከ1721 እስከ 1730 እ.ኤ.አ. የነገሠ ንጉሥ ነው። ልብሱን ለውጦ፣ ተራ መንገደኛ መስሎ፣ ሕዝቡ ስለሱ የሚለውን ሲያዳምጥ ይዞር ነበር ይባላል። ያን ተረኩና በዚያ በሚያምር ድምፃቸው ጨመሩበት።

«ባካፋ ሞቷል ብላችሁ እንዳትዝናኑ! ዛሬም ልብሱን ቀይሮ ከመካከላችሁ ቆሞ ይሆናል። ስለ መንግሥት ስታወሩ ቀስ በሉ!»

ፈረንጆቹ በዚህች ቀልድ ይፈርሱ ነበር። እነዚህ ግን ዝም አሉ። ዝም ማለት ብቻም አይደለም፤ ዓይን ለዓይን መተያየት አቆሙ። ቀይ ሽብር ያለፈበት አገር ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ጆሮ ጠቢ አለ ተብሎ የሚፈራበት ጊዜ ነው። የሳቀ ሰው «ገብቶኛል» ማለቱ ነው። ማን ደፍሮ ይስቃል?

እዚያ ላይ ቢያልፏት ኖሮ ታልፍ ነበር። እሳቸው ግን ዝምታ አልለመዱም፤ ደነገጡ። ኮት የለበሱ አንድ ሰውዬ ላይ ጣታቸውን ቀስረው «ለምሳሌ እኚህ ባካፋ ይሆኑ!» አሉ። ሰውየው ምን እንደነበሩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ፊታቸው ግን ክስል አለ። አጠገባቸው የነበሩት አንድ አንድ እርምጃ ራቁ። የሥራ አባቴ ላብ አጠመቃቸው። «ቀልዴን ነው እኮ፤ ማለቴ ያኔ ንጉሡ... ዛሬማ እንዲህ ያለ ነገር የለም...» እያሉ ይዘረዝሩት ጀመር። በዘረዘሩት ቁጥር ይብሳል።

እኔ ከጎናቸው ነበርኩ። ባካፋ ቋራ ላይ ታሞ ምንትዋብን ያገኛት በዚያው በስውር ጉዞው እንደሆነ ይተረካል። «እቴጌ ምንትዋብንስ እንዴት አገኛት?» ብላቸው በቂ ነበር። ያን ጨዋታ ይወዱታል፤ ይዘውት ይበሩ ነበር። ጥያቄው አፌ ላይ ነበር። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ። ክሩ አልተፈታም።

ምንም አልደረሰባቸውም፤ የጠራቸውም የጠየቃቸውም የለም። ግን ከዚያ ቀን በኋላ ቀልድ አቆሙ። «ፋሲለደስ በ1632 እ.ኤ.አ. ነገሠ፤ በ1636 ጎንደርን መናገሻ አደረገ፤ ወደ ቀጣዩ እንለፍ።» በቃ። ጡረታ እስኪወጡ እንዲያ ነበሩ። አንበሳው ሲያገሳ እንኳ ዝም። ዛሬ በሕይወት የሉም። አንድም ቀን ስለዚያ አላወሩኝም፤ እኔም አልጀመርኩትም።

እንግዲህ እህቴ፣ የፈራሽው የቱን ነው? ያልተሳቀበት ቀልድ ቢበዛ ትንፋሽ አንድ ጊዜ እስክትስቢ ነው የሚቆየው። ሰውን የሚጨርሰው ቀጥሎ የሚመጣው ነው፤ ሁለተኛው ቀልድ፣ ማብራሪያው፣ ይባስ ብሎ «አይገባችሁም እንዴ?» ማለቱ። አዝማሪ ቤት ሄዳችሁ እዩ። ግጥሙ ሳይመታ ሲቀር አዝማሪው ሰምና ወርቁን ቁጭ ብሎ አይፈታም። ማሲንቆው አይቆምም። ደግሞ ከቤቱ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ያቀብለዋል፤ እሱም ተቀብሎ ይቀጥላል። እኔ ያን ቀን ማቀበል ነበረብኝ።

ስለዚህ ምክሬ ግማሹ ለአጠገብ ቆሚው ነው። ጓደኛችሁ ቀልዱ ሲወድቅበት የውሸት ሳቅ አትሳቁለት፤ ይታወቃል። ጥያቄ ጠይቁት። የዛሬ ልጆች ግን የጓደኛችሁን ሼም ቀርፃችሁ ቲክቶክ ላይ ትለጥፋላችሁ። ይህ ነገራችሁ አይገባኝም። እኛም ክፉ ነበርን፤ ካሜራ አልነበረንም እንጂ።

አትዘርዝሩ ብያለሁ። ሆኖም አንድ ጊዜ እኔው ዘርዝሬ አውቃለሁ። ስለ ሠርግ የቀለድኩት ቀልድ አንዲትን እናት አስለቀሳቸው፤ ልጃቸውን በቅርቡ ቀብረው ኖሯል። እዚያ ላይ «ወደ ቀጣዩ እንለፍ» አይባልም። ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ለማለት የፈለግሁትንም ነገርኳቸው። የቀዘቀዘና የጎዳ ቀልድ አንድ አይደሉም። መለያው ፊት ነው፤ የጎዳ ከሆነ አንድ ሰው ፊቱን ያዞራል።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጨርሶ አትቀልዱ። እነዚያን ጣሪያው ላይ የተሳሉ የኪሩቤል ፊቶች ሊያይ የመጣ ጎብኚ አጠገብ ሊሳለም የመጣ ሰው አለ። ቀልዱ ከቅጥሩ ውጭ ይቆይ።

በጨዋነት ፈገግ የሚልም አያታልላችሁ፤ ፈረንጅ በተለይ። እንግዳ ባነሰበት ጊዜ ሰው ፈገግ ባለ ቁጥር ቀልድ መደርደር ያምራችኋል፤ ይገባኛል። ከፊት ያለውን ሳይሆን ከኋላ ያሉትን እዩ። እነሱ ሰማዩን ፎቶ ማንሳት ከጀመሩ ጨዋታው አልቋል። ወደ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት ውሰዷቸው፤ መንገድ ላይ ውኃ የሚጠጣ ይጠጣ።